ነጭ ቀለም፣ ጥቁር ሒሳብ

እኛ አገር ቤት የሚቀባው ምክንያት ሲገኝ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ፣ ሠርግ ሲደገስ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ አዲስ ተከራይ ሊገባ ሲል… ቀለም ቀቢው ይጠራል፣ ሩሎና ቡርሹ ይመጣል፣ የአኳራጁ ሽታ ሁለት ቀን አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ ግድግዳው ይነጣና እንግዳው ሁሉ "ውይ፣ ቤቱ እንዴት ሰፋ!" ይላል። አበቃ። ስለ ቀለም የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ ጋሎን ስንት ነው? ስንት ክፍል ይበቃል?

ጋዜጠኝነት ያስተማሩን መምህራን ግን መጀመሪያ ያስጨበጡን ስድስት ጥያቄዎች ነበሩ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ሚኒስትር ሲናገር፣ መኪና ሲገለበጥ፣ ድልድይ ሲመረቅ የምንጠይቃቸውን እነዚህን ጥያቄዎች እስቲ ዛሬ ለአንድ ጋሎን ነጭ ቀለም እናቅርብለት። ከየት መጣህ? ማን ሠራህ? ስትሠራ ምን አስከተልክ? ግድግዳዬ ላይ ሳለህ ምን ታደርጋለህ? ስትላጥስ የት ትሄዳለህ?

እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቦ በቁጥር ለመመለስ የሚሞክር ሙያ ዛሬ አለ። "የሕይወት ዑደት ግምገማ" ይባላል። አንድን ዕቃ ከማዕድን ጉድጓድ እስከ ቆሻሻ መጣያ፣ ከውልደት እስከ ቀብር ተከትሎ በአፈር፣ በውኃ፣ በአየርና በሰው ላይ ያደረሰውን ይመዘግባል። ሙያው ገና ወጣት ነው፤ ነጭ ቀለም ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የነጭ ቀለም ታሪክ በአጭሩ ሲነገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ዘመን የቀለሙን ዕድሜ አንድ ቁራጭ ብቻ አየ፣ ያቺን ቁራጭ አስተካከለ፣ ጉዳቱን ግን ማንም ወደማያይበት ቦታ ገፋው። ላስረዳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቼቶ፣ ፋንድያ እና እርሳስ

ከጥንት ጀምሮ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አውሮፓ ውስጥ "ነጭ የዘይት ቀለም" ማለት የእርሳስ ነጭ ማለት ነበር። (በነገራችን ላይ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ግራፋይት ነው። እዚህ የማወራው ስለ ከባዱ ብረት፣ ስለ ሊድ ነው።)

አሠራሩ ለማመን ያስቸግራል። የተጠቀለለ የእርሳስ ቁራጭ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከሥሩ አቼቶ ይደረግበታል። ማሰሮዎቹ በፈረስ ፋንድያ ተከብበው፣ አንዱ ድርብ በሌላው ላይ እየተነባበረ ቤቱ እስኪሞላ ይደረደራሉ። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ፋንድያው ሲብላላ ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ የአቼቶው እንፋሎት ብረቱን ይበላዋል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ በሩ ሲከፈት ግራጫው ብረት ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይገኛል። ያ ቅርፊት ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ተፈጭቶ፣ ደርቆ በተልባ ዘይት ሲለወስ… እነሆ ነጭ ቀለም! "የሆላንዶች ዘዴ" ይሉታል።

ቀለሙ ግሩም ነበር። ይሸፍናል፣ ከእንጨት ጋር ይስማማል፣ ዝናብና ፀሐይ ይችላል። መርዝ መሆኑም ቢሆን ተደብቆ አያውቅም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስ በእርሳስ ቱቦ የሚመጣ ውኃ ጤና እንደሚጎዳ ሲያስጠነቅቅ፣ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው የእርሳስ ሠራተኞችን የገረጣ ፊት ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1786 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ የእርሳስ ጉዳት ከታወቀ ስልሳ ዓመት እንዳለፈው ጠቅሶ፣ አንድ ጠቃሚ እውነት ከታወቀ በኋላ እንኳ ሥራ ላይ እስኪውል ምን ያህል እንደሚዘገይ በሐዘን ታዝቧል። ከዚያ ደብዳቤ በኋላም ቀለሙ ከገበያ እስኪወጣ ሌላ ብዙ ትውልድ አልፏል።

ዋጋውን መጀመሪያ የከፈለው ማን ነው? ሠራተኛው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ፣ ኒውካስልና ለንደን ውስጥ፣ ነጩን ቅርፊት ከማሰሮው እየለቀሙ ተሸክመው ወደ ማድረቂያው ምድጃ የሚወስዱት በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያላገኙ ደሃ ሴቶች ነበሩ። ብናኙ በአፍንጫም በአፍም ይገባል። ውጤቱ የሆድ ቁርጠት፣ የእጅ መዛል፣ የሚጥል በሽታ፣ ውርጃ፣ ሞት። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1860ዎቹ ምሥራቅ ለንደን የሚገኝ አንድ የእርሳስ ፋብሪካ ገብቶ ያየውን ጽፏል። የእንግሊዝ መንግሥት በመጨረሻ በ1898 ሴቶች በአደገኞቹ የሥራ ክፍሎች እንዳይሠሩ ከለከለ።

ልብ በሉ፤ የታገዱት ሴቶቹ እንጂ ቀለሙ አይደለም!

ደግ አሠሪ፣ ደካማ ቀለም

ፓሪስ ውስጥ ኤድም ዣን ለክሌር የሚባል የቀለም ቅብ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ሠራተኞቹ በእርሳስ ሲመረዙ ማየት አስመረረውና ሌላ ነጭ ፍለጋ ገባ። ከእሱ በፊት በ1780ዎቹ ገደማ ጊቶን ደ ሞርቮ የሚባል የዲዦን ኬሚስት የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት እርሳስን ሊተካ እንደሚችል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዋጋው ስላልተቻለ ነገሩ ተረሳ። ለክሌር ግን በ1840ዎቹ የዚንክ ነጭን በብዛት አምርቶ ሥራ ላይ አዋለው። ይህ ሰው በ1842 ትርፉን ከሠራተኞቹ ጋር መካፈል በመጀመሩም የታወቀ ነው። ዛሬ ቢኖር "የማኅበራዊ ኃላፊነት ተሸላሚ" ብለን ፎቶውን በየቦታው እንለጥፍለት ነበር።

ታዲያ ዚንክ ለምን አላሸነፈም? ምክንያቱ ወደ ኋላ ላይ ስለሚጠቅመን ያዙልኝ። የዚንክ ነጭ በዘይት ተለውሶ ሲቀባ የእርሳስን ያህል አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ቅብ ይፈልጋል። ውጭ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ደግሞ ይሰነጠቃል። ቀለም ቀቢው "አንዴ ቀብቼ የምገላገለውን ሁለቴ ለምን እቀባለሁ?" አለ። ፈረንሳይ የእርሳስ ነጭን ከሕንፃ ቅብ የሚያስወጣ ሕግ ያወጣችው በ1909 ነው፤ ለክሌር ዚንኩን ካመረተ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይታ።

የብሪዝበን በረንዳዎች

እስከዚህ ድረስ እርሳስ የሠራተኛ በሽታ ነበር። "የፋብሪካ ጉዳይ ነው፣ ቀለሙ ግድግዳ ላይ ከደረቀ በኋላ ምን ያደርጋል?" ይባል ነበር። ይህን ያፈረሰው ወሬ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው።

የኩዊንስላንድ ከተማ ብሪዝበን ቤቶች ከእንጨት የተሠሩ፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ናቸው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የከተማዋ የሕፃናት ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር ያዩ ነበር፤ ሕፃናት እጅ እግራቸው ይዝላል፣ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ዓይናቸው ይታመማል። ምልክቱ የእርሳስ ነው። ግን ሕፃን ልጅ ከየት አምጥቶ እርሳስ ይበላል? ውኃው ተመረመረ፣ ጣሪያው ተመረመረ። በ1904 የዓይን ሐኪሙ ጆን ሎክሃርት ጊብሰን መልሱን አሳተመ፦ በረንዳው ላይ ያለው የእንጨት አጥር ነው። ነጩ ቀለም የኩዊንስላንድን ፀሐይ እየቀመሰ ሲያረጅ እንደ ጠመኔ ይቦናል፤ ልጆቹ አጥሩን ይይዛሉ፣ ጣታቸውን ይጠባሉ፣ ጥፍራቸውን ይበላሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የቀለም ታሪክ አቅጣጫውን ቀየረ። ቀለም "ደርቆ ያለቀለት" ነገር አለመሆኑ ታወቀ። ግድግዳ ላይ ሳለ ይኖራል፣ ያረጃል፣ ይቦናል፣ ወደ ሰው ይገባል። ኩዊንስላንድ በ1922 ልጆች ሊደርሱበት በሚችሉበት የቤት ክፍል ላይ የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ በሕግ ከለከለች። ከአንድ ሐኪም ጽሑፍ እስከ ሕጉ ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት።

ጄኔቫ አንድ ነገር ትላለች፣ ኒውዮርክ ሌላ

በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጄኔቫ ላይ ስለ እርሳስ ነጭ ስምምነት አወጣ፤ ቁጥሩ 13 ነው። ከባድ ክርክር ነበር፤ የቀለሙ አምራቾችም ዝም አላሉም። የወጣው ሽምግልና የመሰለ ውሳኔ ነው፦ የእርሳስ ነጭ የሕንፃን ውስጥ ለመቀባት አይፈቀድም፤ እሱም ቢሆን አስፈላጊ ነው ከተባለ ለባቡር ጣቢያና ለፋብሪካ ተፈቅዷል። የውጭ ግድግዳው ግን ይቀባ! የብሪዝበን በረንዳ ውጭ መሆኑን ያስታወሰ የለም ማለት ነው።

አሜሪካ ያን ጊዜ የድርጅቱ አባል አልነበረችም። የትልቁ አምራች የናሽናል ሊድ ኩባንያ የንግድ ምልክት ደግሞ ማን እንደነበር ገምቱ… ቡርሽ የያዘ ቆንጆ ሕፃን ልጅ! ኩባንያው ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ እያሳተመ ቀለሙን አስተዋውቋል። ባልቲሞር ከተማ በ1951 የእርሳስ ቀለም የመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይቀባ ስትከለክል በአገሩ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ነበረች። አሜሪካ በአገር ደረጃ ከቤት ቀለም ያስወጣችው በ1978 ነው። በ1979 ሐኪሙ ኸርበርት ኒድልማንና ባልደረቦቹ የወለቁ የወተት ጥርሶችን ሰብስበው መርምረው፣ ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አሳዩ። የሚጥል በሽታ የለም፣ ሽባነት የለም፣ ልጁ "ደህና" ነው፤ ብቻ ትምህርት አይገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

የሒሳቡ ወረቀት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እየመጣ ነው። የካሊፎርኒያ ከተሞችና አውራጃዎች በ2000 የጀመሩት ክስ ያለቀው በ2019 ሲሆን፣ ሦስት ኩባንያዎች 305 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ዋሽንግተንና ባልቲሞር አካባቢ ቤት የሚከራዩ ወንድምና እህት ያላችሁም ልብ በሉ፤ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ የእርሳስ ቀለም መኖሩን የሚያውቅ አከራይ ለተከራዩ መንገር በሕግ ግዴታው ነው።

ንጹሑ ነጭ መጣ

ታዲያ እርሳስን ማን ተካው? ዛሬ ቤታችሁ ያለው ነጭ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ።

ታይታኒየም የተገኘው በ1791 እንግሊዝ አገር ኮርንዎል ውስጥ ነው፤ ያገኘው ዊልያም ግሪጎር የሚባል ቄስ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የረባ ሥራ አልነበረውም። በ1910ዎቹ ኖርዌይና አሜሪካ ውስጥ ያሉ ኬሚስቶች፣ በአንድ ዘመን፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ኢልሜናይት ከሚባል ጥቁር ማዕድን ነጭ የቀለም ዱቄት ማውጣት ቻሉ። ብርሃን የማጠፍ ኃይሉ ከእርሳስም ከዚንክም ይበልጣል፤ ስለዚህ በትንሹ ብዙ ይሸፍናል። በቆዳም በሆድም እንደ እርሳስ አይመርዝም። ለክሌር ሲፈልገው የኖረው ይህን ነበር። (የሚገርመው በ1920ዎቹ በዚህ አዲስ ሥራ ውስጥ ድርሻ ከገዙት አንዱ ያው ናሽናል ሊድ ነው። ብልጥ ነጋዴ በሁለቱም በኩል ይቆማል።)

ግድግዳው ዳነ፤ ልጁም ዳነ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለን። ግን "ከየት መጣህ?" ብለን አልጠየቅነውም።

ቀይ ጭቃ

በቆየው ዘዴ፣ ጥቁሩ ኢልሜናይት በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል። ማዕድኑ ውስጥ ያለው ብረት ተለይቶ ይወጣል፤ ነጩ ዱቄት ይቀራል። የተረፈው ምንድን ነው? የብረት ሰልፌትና ሌሎች ብረታ ብረቶች የተቀላቀሉበት የቀጠነ አሲድ። ከነጩ ዱቄት ክብደት የዚህ ቆሻሻ ክብደት ይበልጣል። የት ይጣል? ባሕር ሰፊ ነው…

በ1972 ጣሊያን ቶስካና ውስጥ ስካርሊኖ ላይ የሞንቴዲሶን ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ቆሻሻውን መርከብ ላይ እየጫነ ከኮርሲካ ደሴት በስተሰሜን ባሕር ውስጥ ይደፋው ነበር። ውኃው ቀላ። ኮርሲካውያን "ቀይ ጭቃ" አሉት። ዓሣ አጥማጆች፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎች በ1973 መጀመሪያ ባስቲያ ከተማ ላይ አደባባይ ወጡ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከመርከቦቹ አንዷ በፈንጂ ተመታች። በ1974 ጣሊያናዊ ዳኛ ድፊያውን አስቆመ። ስለ ግድግዳ ነጭነት ብሎ መርከብ የሚፈነዳበት ዘመን እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሰሜን ባሕርም ላይ እንደዚሁ ነበር። የጀርመን ፋብሪካዎች የቀጠነ አሲዳቸውን ለዓመታት እዚያ ሲደፉ ቆይተው፣ የግሪንፒስ ሰዎች በ1980ዎቹ መርከቦቹን መንገድ እየዘጉ ከተጋፈጧቸው በኋላ፣ ድፊያው ያቆመው በ1989 መጨረሻ ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በበኩሉ በ1978 የታይታኒየም ዳይኦክሳይድን ቆሻሻ ብቻ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። አስቡት፤ ለአንድ የቀለም ዱቄት ተብሎ ራሱን የቻለ ሕግ! ዛሬ አሲዱን ገለልተኛ ማድረግ፣ መልሶ መጠቀም፣ ወይም በክሎሪን የሚሠራውንና ቆሻሻው የሚያንሰውን ሌላ ዘዴ መከተል የተለመደ ሆኗል።

ማዕድኑስ? ጥቁሩ አሸዋ በብዛት የሚገኘው የባሕር ዳርቻዎች ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም ከእኛ ብዙ አይርቁም። ኬንያ፣ ክዋሌ ውስጥ ተቆፍሮ በሞምባሳ በኩል ከ2014 ጀምሮ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ቁፋሮው በ2024 መጨረሻ አበቃ። አሁን የቀረው ጥያቄ የተቆፈረው መሬት እንዴት ወደ እርሻና ጫካ ይመለሳል የሚለው ነው። ማዳጋስካር፣ ቶላኛሮ አካባቢ ደግሞ ማዕድኑ ያለው ሌላ ቦታ የማይገኙ ዕፅዋት ካሉበት የባሕር ዳር ጫካ ሥር ነው። ነጭ ግድግዳ ጥቁር አሸዋ ላይ የቆመ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሽታውስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ዱቄቱ ነው። ቀለም ግን ዱቄት ብቻ አይደለም፤ ዱቄቱን የሚይዝ ማያያዣና የሚያቀጥነው ፈሳሽ አለ። ያ አኳራጅ ሲደርቅ የት ይሄዳል? አይጠፋም፤ አየር ላይ ነው።

ሎስ አንጀለስ በ1940ዎቹ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ወርሷት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኬሚስቱ አሪ ሃገን ስሚት ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጡ ተናኝ ነገሮች በፀሐይ ብርሃን ተለውጠው ያንን ጭጋግ እንደሚሠሩ አሳየ። ቀጥሎ ዓይን የዞረው ወደ ቀለም ማቅጠኛ ነው። አውራጃው በ1966 "ደንብ 66" የሚባለውን አውጥቶ በጭጋጉ ላይ የሚያባብሱትን ማቅጠኛዎች ገደበ። በዚህ መሐል በውኃ የሚቀጥነው፣ እኛ "ፕላስቲክ ቀለም" የምንለው፣ ገበያ ገብቶ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1948 ወዲህ በየቤቱ ተሰራጨ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2004 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2010 ጀምሮ በውኃ የሚሠራ ደብዛዛ የቤት ውስጥ ቀለም በሊትር ከ30 ግራም በላይ ተናኝ ነገር እንዳይኖረው ወሰነ።

ሽታው ቀነሰ፤ ጥሩ። ግን ስሙ እንደሚነግረን ማያያዣው ፕላስቲክ ነው፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ። ሲፋቅና ሲላጥ የሚረግፈው ብናኝም ፕላስቲክ ነው። አያችሁ? አንዱን በር ስንዘጋ በሌላው ይገባል።

ሒሳቡ ሲደመር

"ኧረ ሁሉንም በአንዴ እንየው" የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ድካም ነው። መነሻውም ቀለም ሳይሆን ለስላሳ መጠጥ ነበር። ኮካ ኮላ በ1969 የትኛው ዓይነት ዕቃ ተፈጥሮን ያነሰ ይጎዳል ብሎ ከጥሬ ዕቃው እስከ መጣያው ድረስ አስጠና። ዘዴው እያደገ መጥቶ በ1997 "አይሶ 14040" የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። የአውሮፓ ኅብረትም በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቤት ውስጥ ቀለም የአካባቢ ምልክት መስጠት ሲጀምር ይህንኑ አስተሳሰብ ተከተለ። ምልክቱን ለማግኘት ሽታው መቀነሱ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ካሬ ሜትር የሚገባው ነጭ ዱቄት ራሱ ገደብ አለው፤ ዱቄቱ የተሠራበት ፋብሪካ የሚያወጣው ቆሻሻም ይታያል።

የግምገማው ትልቁ ብልሃት አንዲት ጥያቄ ናት፦ የምናወዳድረው ምንን ከምን ጋር ነው? ሊትር ከሊትር ጋር ካወዳደርን እንሳሳታለን። መወዳደር ያለበት "አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ለሃያ ዓመት ተሸፍኖ እንዲቆይ ምን ያስፈልጋል?" የሚለው ነው። በጣታችን እንቁጠር። አንዱ ቀለም በየአራት ዓመቱ ይታደሳል እንበል፤ በሃያ ዓመት አምስት ጊዜ ይቀባል። ሌላው አሥር ዓመት ይቆያል እንበል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ። የመጀመሪያው በሊትር ግማሽ ያህል ጉዳት ቢኖረው እንኳ፣ ሲደመር በሁለት ተኩል ይመጣል፤ ያኛው በሁለት። "ተፈጥሮን የማይጎዳ" የሚል አረንጓዴ ቅጠል ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈበት ቀለም ተሸነፈ ማለት ነው! ለክሌር ላይ የደረሰውን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሠራተኛ የማይመርዝ ቀለም ካልቆየና ካልሸፈነ፣ ብዙ ጊዜ ይቀባል፣ ብዙ ይመረታል።

በውኃ በሚሠራ የግድግዳ ቀለም ላይ የተደረጉ ግምገማዎች ደጋግመው የሚያሳዩት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከፍተኛው ድርሻ ያለው ቀቢው ቤት ውስጥ ሳይሆን ጥሬ ዕቃው ጋ ነው፤ በተለይ ኃይል የሚበላው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ማያያዣው ላይ። ስለዚህ ጥግ ላይ ተቀምጦ የደረቀው የተረፈ ጋሎን ዝም ብሎ ቆሻሻ አይደለም፤ በከንቱ የተቆፈረ አሸዋ፣ በከንቱ የነደደ ነዳጅ ነው።

ግን ግምገማውም ሁሉን አያይም። ካርቦንን በኪሎ ይመዝናል፤ ጣቷን የምትጠባ ልጅን ግን በኪሎ መመዘን ይከብደዋል። የእርሳስ ነጭ እኮ ዘላቂ ቀለም ነበር፤ በጥንካሬ ብቻ ብንመዝነው ነጥብ ያገኝ ነበር! ስለዚህ መርዝ መጀመሪያ ይወጣል፤ ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ይሠራል። ታሪኩ ያስተማረን ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ወደ ቤታችን

"ይህ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው" የሚል ካለ ይታገሠኝ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2013 ይፋ ባደረገው የዘጠኝ አገሮች የቀለም ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። ከእኛ ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት የዘይት ቀለሞች አብዛኞቹ ውስጥ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በኪሎ ከ90 ሚሊግራም፣ በላይ እርሳስ ተገኘ። እርሳሱ ግን ነጩ ውስጥ አይደለም የሚከማቸው። ነጩን ታይታኒየም ተክቶታል። በየአገሩ እንደታየው እርሳስ ዛሬ የሚበዛው በደማቅ ቢጫ፣ በብርቱካናማና በቀይ የዘይት ቀለም ውስጥ ነው። እነዚያ ቀለሞች የት እንደሚቀቡ አስቡ፤ የመዋዕለ ሕፃናት በር፣ ዥዋዥዌ፣ የሕፃን አልጋ።

በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም የሚገድብ ደንብ አወጣ። ይህ ገደብ አሜሪካ ከ2009 ጀምሮ የምትከተለው ያው ቁጥር ነው። በወረቀት ከነሱ እኩል ነን ማለት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከብሪዝበን የተማርነውን አንርሳ። ደንብ የሚነካው አዲሱን ጋሎን ነው፤ በሩ ላይ ያለውን የቆየ ቅብ አይነካውም። ያ ቅብ ገና ዕድሜውን አልጨረሰም። የሚጨርሰው አንድ ቀን ለበዓል ወይ ለሠርግ ተብሎ የብርጭቆ ወረቀት የያዘ ወጣት ቀለም ቀቢ፣ አፍና አፍንጫውን ሳይሸፍን፣ ሕፃን ልጅ እያየው በደረቁ ሲፍቀው ነው። ኒውካስል ውስጥ ሴቶቹ የተነፈሱትን ብናኝ ያን ቀን እሱ ይተነፍሰዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል ከሁለቱ የለመድናቸው ጥያቄዎች ላይ ጥቂት እንጨምር። ሻጩን፦ "እርሳስ አለው? የተመረመረ ነው? ስንት ዓመት ይቆያል?" ቀለም ቀቢውን፦ "የድሮውን በደረቁ ትፍቀዋለህ ወይስ አርጥበህ? አፍህን በምን ትሸፍናለህ?" ራሳችንን ደግሞ፦ "እውነት መቀባት አለበት ወይስ በሳሙና ቢታጠብ ይበቃዋል? ለስንት ክፍል ነው የምገዛው?" ሻጩ ግር ይለው ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ ሲጠይቀው ይስቃል፤ አሥር ሰው ሲጠይቀው ግን ወደ አከፋፋዩ ይደውላል፤ አከፋፋዩም ወደ ፋብሪካው። ፍራንክሊን ያዘነበት መዘግየት የሚያጥረው እንዲህ ነው።

ቸር እንሰንብት።